ለሃሚልተን ማን ከፈለለት?

እሁድ ከሰዓት ጅማ ውስጥ ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት ሁሉ የኳስ ነው። የመኪና ውድድሩ የፎርሙላ ዋን ወዳጆች ጥቂት ነን። አብዛኞቻችን ውድድሩን በስልክ ነው የምንከታተለው። ቢሆንም የሉዊስ ሃሚልተንን ስም ሰምቶ የማያውቅ ወጣት እዚህ ማግኘት ይከብዳል። ጥቁር ነው፣ ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፣ ቀይ ፌራሪ ይነዳል። ለመታወቅ ይህ ይበቃል።

ፌራሪ ቡድን ከገባ ወዲህ ስለ እሱ የሚነሳው ክርክር አንድ ነው። "አልቆለታል" የሚሉ አሉ። "መኪናው ነው እንጂ እሱ ምንም አልሆነም" የሚሉም አሉ። ወደዚህ እመለሳለሁ። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ የሚቀድመው ጥያቄ ነው። ይህ ሰው ከመጀመሪያውስ መሪው ኋላ እንዴት ሊቀመጥ ቻለ? ወጪውን ማን ቻለው? ይህን በደንብ ካላየን አሁን ስለ አፍሪካ ግራንድ ፕሪ (አፍሪካ ላይ ሊደረግ ስለታሰበው የፎርሙላ ዋን ውድድር) የሚወራው ነገር ለእኛ ልጆች ምን እንደሚያመጣ አይገባንም። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ሃሚልተን የተወለደው በ1985 ነው፣ ከለንደን በስተሰሜን ባለችው ስቲቨኔጅ። የአባቱ ወላጆች ከካሪቢያኗ ግሬናዳ ወደ እንግሊዝ የመጡ ናቸው። አባቱ አንቶኒ የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ለልጁ በሪሞት የምትነዳ መጫወቻ መኪና ገዛለት። ልጁ በዚያች መጫወቻ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ተወዳድሮ ማሸነፍ ጀመረ። አባትየው ይህን ዝም ብሎ አላለፈውም። ካርት አመጣለት፣ ያውም ከብዙ ሰው እጅ የዞረ አሮጌ ካርት፤ ልጁ በስምንት ዓመቱ መወዳደር ጀመረ።

ካርት ማለት ከመሬት ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ከፍ ያለ፣ ጣሪያም በርም የሌለው ትንሽ የውድድር መኪና ነው። ዛሬ በፎርሙላ ዋን የምናያቸው ሾፌሮች ሁሉም ለማለት ይቻላል ከካርት ነው የተነሱት።

አንቶኒ የልጁን ወጪ ለመሸፈን ቋሚ ሥራውን ትቶ በኮንትራት መሥራት ጀመረ። አንዳንዴ ሦስትና አራት ሥራ ይደርብ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ መካኒኩም አሠልጣኙም ራሱ ነው። በጣም የምወደው አንድ ታሪክ አለ። አንቶኒ ኩርባው አጠገብ ይቆምና ከሁሉም ፈጣን የሆነው ልጅ የት ላይ ፍሬን እንደሚይዝ ያያል። ከዚያ ጥቂት ሜትር ወደፊት ሄዶ ይቆምና ለልጁ "አንተ እዚህ ጋ ነው የምትይዘው" ይለዋል። ልጁ መጀመሪያ እየተንሸራተተ ይወጣ ነበር። ቆይቶ ቻለው። ሃሚልተን ዛሬም በፍሬን አያያዙ ነው የሚደነቀው።

በ1995፣ በአሥር ዓመቱ፣ በእንግሊዝ የሕፃናት ካርት ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት በአንድ የሽልማት ምሽት የፎርሙላ ዋኑን ቡድን የማክላረንን አለቃ ሮን ዴኒስን አገኘው። ፊርማ ጠየቀውና አንድ ቀን ለማክላረን መንዳት እንደሚፈልግ ነገረው። ዴኒስም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደውልልኝ ብሎ ጻፈለት። ዘጠኝ ዓመት ግን አልፈጀም። በ1998፣ ሃሚልተን ገና 13 ዓመቱ ሳለ፣ ማክላረንና መርሴዲስ ለወጣቶች ባላቸው ፕሮግራም ውስጥ አስፈረሙት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። እስከ 13 ዓመቱ የከፈለው አባቱ ነው። ከዚያ በኋላ የከፈለው ኩባንያ ነው። አንቶኒ ጤናውን ቢያጣ ወይም ሥራ ቢጠፋበት ኖሮ ዴኒስ የሚያየው ልጅ አይኖርም ነበር። ማክላረን ባይመጣ ደግሞ የአባት ጉልበት የሆነ ቦታ ላይ ያልቅ ነበር። ሁለቱ ከፋዮች ተገናኙ። የልጁን ችሎታ ማሳነሴ አይደለም። ግን እኩል ችሎታ ያላቸው፣ ከእነዚህ አንዱ የጎደለባቸው ስንት ልጆች ቀርተዋል? ማንም አይቆጥራቸውም።

የኋላውን ሁሉም ስለሚያውቀው ቶሎ ልለፈው። መጀመሪያ ከፎርሙላ ዋን በታች ባሉት ውድድሮች ነው ያለፈው። በ2003 የብሪታኒያ ፎርሙላ ሬኖ ሻምፒዮን ሆነ። በ2005 የአውሮፓ ፎርሙላ 3ን ሲወስድ ከ20 ውድድር 15ቱን አሸነፈ። በ2006 የጂፒ2ን ዋንጫ አነሳ። በ2007 ማክላረን ሲገባ ከጎኑ የተቀመጠው የሁለት ጊዜ ሻምፒዮኑ ፈርናንዶ አሎንሶ ነበር። አዲሱ ልጅ ግን በመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ውድድሮች በሙሉ መድረክ ላይ ወጣ፣ ማለትም ከአንድ እስከ ሦስት ባለው ደረጃ ጨረሰ።

ያ ዓመት መጨረሻው ላይ ተበላሸ። ሁለት ውድድር ሲቀረው ዋንጫው እጁ ላይ ነበር። ቻይና ላይ ጎማው ክሩ እስኪታይ አልቆ ሳለ ቡድኑ አንድ ዙር፣ ሌላም ዙር እያለ አቆየው። በመጨረሻ ጎማ ሊቀይር ወደ ፒት (ቡድኖቹ መኪናውን ወደሚያገለግሉበት ቦታ) ሲታጠፍ ተንሸራቶ ጠጠር ውስጥ ገባና ቆመ። ዋንጫውን በአንድ ነጥብ ተነጠቀ፤ ኪሚ ራይኮነን 110፣ እሱ 109።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በአንድ ነጥብ ወሰደው። የ2008ቱን የብራዚል ውድድር ያየ አይረሳውም። ፌሊፔ ማሳ በአገሩ ሜዳ አሸንፎ ጨርሷል፣ ቤተሰቡ እየዘለለ ነው። ሃሚልተን ዋንጫውን ለመውሰድ አምስተኛ መውጣት ነበረበት፣ እሱ ግን ስድስተኛ ነው። ዝናቡ በርትቷል። ከፊቱ ያለው ቲሞ ግሎክ ለደረቅ መንገድ በሚሆን ጎማ እየተንሸራተተ ነው። በመጨረሻው ዙር፣ መጨረሻው ኩርባ አካባቢ ሃሚልተን አለፈው። 98 ለ97። በ23 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን፣ የመጀመሪያውም ጥቁር ሻምፒዮን ሆነ።

የእሱ ትልቅነት በዝናብ ነው የሚታየው እላለሁ። ጅማ የሚኖር ሰው ዝናብ የነካው አስፋልት ምን እንደሚያደርግ ይገባዋል። በ2008 በእንግሊዙ ሲልቨርስቶን ሜዳ ላይ ሌሎች እየዞሩ ሲወጡ እሱ ሁለተኛውን በ68 ሰከንድ ቀድሞ ጨረሰ። በ2020 ቱርክ ላይ የሠራው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ከስድስተኛ ቦታ ተነሳ። በስምንተኛው ዙር ለእርጥብ መንገድ የሚሆነውን መካከለኛ ጎማ ቀየረና በዚያው ጎማ 50 ዙር ነዳ። ጎማው ጥርሱ አልቆ ልሙጥ ሆኗል። መጨረሻ አካባቢ ቡድኑ ለጥንቃቄ ገብቶ እንዲቀይር ፈልጎ ነበር። አልገባም። የ2007ቱን ስህተት እንዳልረሳው በኋላ ተናግሯል። በ31 ሰከንድ ልዩነት አሸነፈ፣ ሰባተኛ ዋንጫውን ይዞ የጀርመናዊው ሚካኤል ሹማከር ሪከርድ ላይ ደረሰ። ቻይና ላይ ሌሎች ይወስኑለት ነበር። ቱርክ ላይ የወሰነው እሱ ነው። ሻምፒዮን ከፈጣን ሾፌር የሚለየው በዚህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ክርክሩ። መኪናው ወይስ ሰውየው?

ሃሚልተን በ2013 ማክላረንን ትቶ መርሴዲስ ሲገባ ብዙዎች ተሳሳተ አሉት። መርሴዲስ ያኔ ደካማ ነበር። በ2014 ግን የሞተሩ ደንብ ተቀየረና የመርሴዲስ ሞተር ሁሉንም ጥሎ ሄደ። ሃሚልተን በ2014፣ 2015፣ 2017፣ 2018፣ 2019 እና 2020 ዋንጫ ወሰደ። በ2016 በዚያው መኪና የቡድን ጓደኛው ኒኮ ሮዝበርግ በአምስት ነጥብ በለጠው። በ2021 ከማክስ ቬርስታፐን ጋር እኩል 369.5 ነጥብ ይዘው አቡ ዳቢ ገቡ። ሃሚልተን ሊያሸንፍ ጥቂት ዙር ሲቀረው ሴፍቲ ካር (አደጋ ሲኖር ሁሉንም ቀስ አድርጎ የሚመራው መኪና) ወጣ። የውድድሩ ዳይሬክተር በዙር ወደኋላ ከቀሩት መኪኖች በሃሚልተንና በቬርስታፐን መካከል የነበሩትን አምስት ብቻ አሳለፈና ለአንድ ዙር ውድድሩን ከፈተው። አዲስ ጎማ የነበረው ቬርስታፐን ወሰደው። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በኋላ የሰው ስህተት እንደነበረ አምኗል። ውጤቱ ግን አልተቀየረም። እኔ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ መርሴዲስ ጥሩ መኪና መሥራት አቃተው። ያው ሰው በ2022 እና በ2023 አንድም ግራንድ ፕሪ አላሸነፈም። በሐምሌ 2024 ሲልቨርስቶን ላይ ሲያሸንፍ አለቀሰ። በ2025 ፌራሪ ገባ። ሻንጋይ ላይ አጭሩን የስፕሪንት ውድድር አሸነፈ፣ ዋናው ውድድር ላይ ግን ዓመቱን ሙሉ መድረክ አላየም። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ሃንጋሪ ላይ የመነሻ ቦታ በሚወሰንበት ማጣሪያ 12ኛ ሲወጣ የቡድን ጓደኛው ሻርል ሌክለርክ በዚያው መኪና አንደኛ ወጣ። ሃሚልተን ያን ቀን ቡድኑ ሾፌር ቢቀይር ይሻለዋል እስከማለት ደርሶ ነበር።

ስለዚህ "መኪናው ብቻ ነው" ማለት አይቻልም። ሌክለርክ በዚያው ፌራሪ ደጋግሞ መድረክ ላይ ወጥቷል። 40 ዓመት 40 ዓመት ነው፤ አዲስ መኪና፣ አዲስ ፍሬን አያያዝ፣ አዲስ መሐንዲስ በአንድ ጊዜ መልመድ ለማንም ከባድ ነው። "አልቆለታል" የሚለውም ግን አይዋጥልኝም። እስከ 2025 መጨረሻ 105 ድልና 104 የቀዳሚ መነሻ ቦታ ያስመዘገበ ሰው በአንድ መጥፎ ዓመት አይለካም። በዚህ ስፖርት ያለ መኪና ማንም ምንም አይደለም። መኪናው ደግሞ የመሐንዲሶች ሥራ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ሃሚልተን ራሱ አንድ ነገር ደጋግሞ ተናግሯል፤ እንደ እሱ ያለ የሠራተኛ ልጅ ዛሬ ቢጀምር ፎርሙላ ዋን መድረስ አይችልም ይላል። ሒሳቡም ይህንኑ ነው የሚያሳየው። የመርሴዲስ አለቃ ቶቶ ቮልፍ ከብዙ ዓመት በፊት ሲያሰላው ከካርት እስከ ፎርሙላ ዋን በር ለመድረስ ከ7 እስከ 8 ሚሊዮን ዩሮ ያስፈልጋል ብሎ ነበር። ዛሬ ያሉትን ተመልከቱ። የ2025 ሻምፒዮኑ ላንዶ ኖሪስ አባቱ ሀብታም ነጋዴ ነው። የቬርስታፐን አባት ራሱ የፎርሙላ ዋን ሾፌር ነበር። የሌላው ሾፌር የኤስቴባን ኦኮን ወላጆች ደግሞ ቤታቸውን ሸጠው በተጎታች ቤት ውስጥ ኖረዋል። ባለጸጋ ካልሆንክ ቤትህን ትሸጣለህ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሹማከርን ላንሳ። እሱም ሰባት ዋንጫ አለው። አባቱ ግንበኛ ነበር። ታዲያ እንዴት ቻለ? ጀርመን ውስጥ ኬርፐን በምትባል ከተማ የካርት ሜዳ ነበረ። አባቱ ሜዳውን ይንከባከብ ነበር፣ እናቱ እዚያው የምግብ ቤቱን ትሠራ ነበር። ልጁ ሌሎች የጣሉትን ጎማ እየለቀመ ይነዳ ነበር። በኋላ የአካባቢው ነጋዴዎች ረዱት። ሰባት ዋንጫ ያላቸው ሁለቱም ሰዎች ከተራ ቤተሰብ ነው የወጡት። ለሁለቱም ደግሞ በልጅነታቸው የካርት ሜዳ ሩቅ አልነበረም።

አሁን የአፍሪካን ግራንድ ፕሪ በዚህ ዓይን እንየው። ፎርሙላ ዋን በአህጉራችን መጨረሻ የተካሄደው በ1993 በደቡብ አፍሪካው ኪያላሚ ነው። አፍሪካ አንድ የዓለም ሻምፒዮን አላት፤ በ1979 በፌራሪ ያሸነፈው ደቡብ አፍሪካዊው ጆዲ ሼክተር። ሃሚልተን ከማቆሙ በፊት አፍሪካ ላይ መንዳት እንደሚፈልግ ሳይታክት ይናገራል። ሩዋንዳ በታኅሣሥ 2024 ውድድሩን ለማዘጋጀት እንደምትፈልግ በፕሬዚዳንቷ በኩል በይፋ አሳወቀች። ኪያላሚም ሜዳውን ለማሻሻል እየጣረ ነው።

ቢሳካ ደስ ይለኛል። ኪጋሊ ላይ ቢደረግ ለማየት እሄዳለሁ። ግን ሻምፒዮን ይወልድልናል ብለን አንጠብቅ። ባህሬን ከ2004፣ ሲንጋፖር ከ2008፣ አቡ ዳቢ ከ2009፣ አዘርባጃን ከ2016 ጀምሮ ውድድር ያስተናግዳሉ። ከአራቱም ቦታዎች አንድም የፎርሙላ ዋን ተወዳዳሪ አልወጣም። ትልቁ ሜዳ ቱሪስት ያመጣል፣ ሆቴል ይሞላል። ሾፌር የሚያወጣው ትንሹ ሜዳ ነው።

ይህንን ከኛ በላይ የሚያውቅ አገር መኖር የለበትም። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ከበቆጂ ሲወጡ በቆጂ ላይ ኦሊምፒክ አልተዘጋጀም። የነበረው ሜዳና እንደ ስንታየሁ እሸቱ ያለ አሠልጣኝ ነው። ሩጫ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የመኪና ውድድር ይጠይቃል። ስለዚህ እኛ ማሰብ ያለብን ወጪውን የሚቀንስ መንገድ ነው።

ከጅማ ሆኜ ሳየው ሁለት መንገድ ይታየኛል።

አንደኛው የመሐንዲሱ ወንበር ነው። የፎርሙላ ዋን የሾፌር ወንበር በ2025 ሃያ ነበር፣ በ2026 ካዲላክ የሚባል አዲስ ቡድን ሲጨመር 22 ሆነ። ትልልቆቹ ቡድኖች ግን እያንዳንዳቸው ከሺህ በላይ ሠራተኛ አላቸው። ሃሚልተን በ2020 ከብሪታኒያው ሮያል የምህንድስና አካዳሚ ጋር፣ ጥቁሮች በስፖርቱ ለምን እንዳነሱ የሚያጠና ኮሚሽን ያቋቋመው ለዚህ ነው። የኮሚሽኑ ሪፖርት በ2021 ወጣ፤ በስፖርቱ ውስጥ ከሚሠሩት ጥቁሮች 1 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ከዚያ ሚሽን 44 የሚባል ድርጅት በራሱ 20 ሚሊዮን ፓውንድ መሠረተ። ሰባት ዋንጫ ያለው ሰው ገንዘቡን ለካርት ልጆች ብቻ አላፈሰሰም። ትምህርት ቤትና መሐንዲስ ላይ ነው ያተኮረው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ላይ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ተማሪዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይሠራሉ። እንግሊዝ ውስጥ ከ1998 ጀምሮ ፎርሙላ ስቱደንት የሚባል ውድድር አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትንሽ የውድድር መኪና ራሳቸው ነድፈው፣ ራሳቸው ሠርተው፣ ወጪውን አስልተው ያቀርባሉ። ብዙ የፎርሙላ ዋን መሐንዲሶች የወጡት ከዚያ ነው። እኛስ በአነስተኛ ደረጃ እዚህ ለምን አንጀምርም? ወረቀት ላይ የሚቀር ፕሮጀክት ከሚበዛ፣ የሚነዳ ነገር ቢወጣ ተማሪውም በደንብ ይማራል።

ሁለተኛው መንገድ ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ካርት ውስብስብ መኪና አይደለም። ሻሲው (ሁሉን የሚሸከመው አጥንቱ) የብረት ቱቦ ነው። ባሌስትራ የለውም፣ ዲፍሬንሻልም የለውም። በርና መስኮት የሚበይድ ጎበዝ ባለሙያ ከመሐንዲስ ጋር ቢቀመጥ ይሠራዋል። ሞተሩ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይሁን። አገራችን በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ እንደሆነ ያስፈልገናል። ፎርሙላ ዋንም ከ2026 ጀምሮ ከሞተሩ ጉልበት ግማሽ ገደማው ከኤሌክትሪክ እንዲመጣ ደንቡን ቀይሯል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የምናልፈው የግልገል ጊቤ አካባቢ ከ2004 ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ አለው። መብራቱ ይቆራረጣል፣ አውቃለሁ። ባትሪ ለመሙላት ግን ሌሊቱም ይበቃል።

ወላጆች እንደሚፈሩ ይገባኛል። በዚህ አገር ፍጥነት ሲባል ትዝ የሚለን ለቅሶ ነው። የጊቤን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ልጁን "ንዳ" ለማለት አይደፍርም። ፍርሃቱ ትክክል ነው። ግን ፍጥነት የሚወዱ ልጆች አሁንም አሉ፣ የሚሞክሩትም በሞተር ሳይክልና በባጃጅ ሰው በሚሄድበት አስፋልት ላይ ነው። የተዘጋ ሜዳ ላይ፣ ቀበቶ ታጥቆ፣ አሠልጣኝ እያየው የሚነዳ ልጅ መጀመሪያ የሚማረው ፍሬን ነው። አንቶኒ ሃሚልተን ለልጁ ኩርባው ላይ ያስተማረው ሌላ ነገር አልነበረም።

ወጪውስ? ለመጀመሪያው ካርት የቡና ነጋዴዎቻችን አቅም አያንስም። ለኳስ ቡድን ማሊያ የሚገዙ ሰዎች ናቸው። ሜዳው አዲስ መሠራት የለበትም፤ ቅዳሜና እሁድ ባዶ የሚሆን፣ አጥር ያለው፣ አስፋልት ወይም ሲሚንቶ የሆነ ግቢ ይበቃል። ለመከላከያ ከየጎሚስታው ቤት የተጣለ አሮጌ ጎማ ደርድሮ ማሰር ነው። የራስ ቁር ላይ ግን መቆጠብ አይቻልም። በልጅ ልክ የተሠራና ለውድድር የተፈተነ መሆን አለበት፣ ያ ደግሞ ከውጭ ነው የሚገዛው። ገንዘብ መሰብሰብ ከተጀመረ ከካርቱም በፊት ለእሱ ነው መሆን ያለበት።